ቻይና ሆንግ ኮንግን ያጣችው መቼ ነው? በጦርነቱ መሃል ስለተደረገው ድርድር እንወያይ

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ። ስለ ሆንግ ኮንግ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው እንግሊዝ ለቻይና ያስረከበችበትን 1997ን ነው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ግን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ የነበረውን ሽኩቻ ነው። ከተማዋ በጃፓን ጦር ሥር ሆና ሕዝቧ ሲራብ፣ እንግሊዝ፣ ቻይናና አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ የማን ትሁን እያሉ ይጓተቱ ነበር። ሦስቱም በአንድ ጎራ የተሰለፉ አጋሮች ናቸው። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ብዙ ጊዜ የሚባለው፣ የእንግሊዝ መርከቦች በኦገስት 1945 ቀድመው ስለደረሱ ቻይና ተቀደመች ነው። በዚህ አልስማማም። ለእኔ ነገሩ ያለቀው በ1942 የመጨረሻ ሳምንት የቻይና የጦርነት ጊዜ ዋና ከተማ በነበረችው ቾንግቺንግ ላይ ነው። መርከቦቹ የደረሱት ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን እንለይ። እንግሊዝ ሆንግ ኮንግን የያዘችው በሦስት ውል ነው። ደሴቷን በ1842 በናንኪንግ ውል ለዘለዓለም ወሰደች። የካውሉንን ጫፍ በ1860 ጨመረች። ከካውሉን ጀርባ ያለውን ሰፊ መሬት፣ ኒው ቴሪቶሪስ የሚባለውን፣ በ1898 ለ99 ዓመት ተከራየች። ከጠቅላላው መሬት ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ ይሄ የኪራይ መሬት ነው። የሺንግ ሙን የውሃ ግድብም የዚያን ዘመኑ የካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያም የነበሩት እዚያ ውስጥ ነው። እሱ ከተወሰደ ደሴቷ ብቻዋን አትቆምም። ይህን ለንደንም ቾንግቺንግም ያውቁታል።

ጃፓን ዲሴምበር 8 ቀን 1941 አጠቃች። ገዢው ማርክ ያንግ በገና ዕለት እጁን ሰጠ። በፌብሩዋሪ 1942 ደግሞ ሲንጋፖር ወደቀች። እንግሊዝ በእስያ እንዲህ የተዋረደችበት ጊዜ የለም። በዚያው ዓመት አጋማሽ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሰዎች ሳይቀሩ ሆንግ ኮንግን በድርድር ስለመልቀቅ ይነጋገሩ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። በሩ በእርግጥ ገርበብ ብሎ ነበር።

በኦክቶበር 1942 አሜሪካና እንግሊዝ በቻይና የነበራቸውን ልዩ መብት ለመተው ዝግጁ መሆናቸውን አሳወቁ። ዜጎቻቸው በቻይና ፍርድ ቤት የማይዳኙበትን፣ በቲያንጂንና በጓንዡ የራሳቸውን ሰፈር የሚያስተዳድሩበትን መብት ማለቴ ነው። ድርድሩ ሲጀመር የቻይናው መሪ የቺያንግ ካይሼክ ሰዎች የኒው ቴሪቶሪስ ኪራይም አብሮ ይሰረዝ አሉ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር። ሁሉም ከአንድ የግፍ ዘመን የመጣ ነው፤ የቲያንጂኑ ከተመለሰ የኪራዩ መሬት ለምን ይቀራል? የእንግሊዙ አምባሳደር ሆረስ ሲሞር ከለንደን የደረሰው መልስ ደግሞ አጭር ነበር። ይህ ውል ስለዚያ አይደለም፤ ስለ ኪራዩ መነጋገር ካስፈለገ ከድል በኋላ ይሁን።

ቺያንግ አልፈርምም ብሎ ነበር። በዚያ የዲሴምበር የመጨረሻ ሳምንት ሐሳቡን ያስለወጡት የራሱ ሰዎች ናቸው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቲ.ቪ. ሱንግና በለንደን አምባሳደሩ ዌሊንግተን ኩ። አሁን የሚሰጠውን እንውሰድ፣ የቀረውን በኋላ እንጠይቃለን አሉት። ውሉ ጃንዋሪ 11 ቀን 1943 ተፈረመ። ቻይና ጥያቄውን ወደፊት የማንሳት መብቷን እንደጠበቀች የሚገልጽ ማስታወሻ ሰጠች። በቃ። ከዚያ ወዲህ ቺያንግ በእጁ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም የሌላውን ወገን ፊርማ ያልያዘ ወረቀት።

እንግሊዝን ማስገደጃ የነበረው ያ ፊርማ ነበር። ሰጠው።

የቄራ ልጅ ጻፈ፦

ጥሩ ክር ነው ወንድሜ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አሜሪካ ምን ትሠራ ነበር? ሩዝቬልት ቅኝ ግዛት የሚባል ነገር አይወድም ሲባል ነው የምንሰማው። ቺያንግን ደግፎ ቸርችልን አስገድዶ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ማን እምቢ ይለው ነበር?

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

@የቄራ ልጅ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ሩዝቬልት ስለ ሆንግ ኮንግ በየአጋጣሚው ይናገር ነበር። ችግሩ በወረቀት አለማስፈሩ ነው።

በማርች 1943 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ዋሽንግተን ሲሄድ፣ እንግሊዝ ለበጎ ፈቃድ ብላ ሆንግ ኮንግን ብትመልስ ጥሩ ነው አለው። ኤደን አልተዋጠለትም። ፕሬዝዳንቱ በአሜሪካ በኩል የሚደረግ ተመሳሳይ ስጦታ ሲጠቅሱ አልሰማሁም ብሎ ነው የመለሰው።

በኖቬምበር 1943 ካይሮ ላይ ሩዝቬልትና ቺያንግ በማታ ግብዣ ላይ በሰፊው ተጨዋወቱ። ያስተረጎመችው የቺያንግ ሚስት ናት። ሩዝቬልት ሆንግ ኮንግ ለቻይና ተመልሳ ነጻ ወደብ ትሁን የሚል ሐሳብ ነበረው። አሜሪካኖቹ ግን የዚያን ምሽት ንግግር መዝግበው አልያዙም። ዲሴምበር 1 የወጣውን የካይሮ መግለጫ ተመልከቱ። ማንቹሪያ ለቻይና ይመለሳል ይላል፣ ታይዋንና የፔስካዶር ደሴቶች ይመለሳሉ ይላል፣ ኮሪያ በጊዜው ነጻ ትወጣለች ይላል። ስለ ሆንግ ኮንግ አንድም ቃል የለበትም። መግለጫው ጃፓን የወሰደችውን ስለማስመለስ ነው የሚያወራው። ሆንግ ኮንግን ደግሞ ከቻይና የወሰደችው እንግሊዝ ናት፣ እንግሊዝ ደግሞ መግለጫውን ካወጡት አንዷ ናት።

በፌብሩዋሪ 1945 ያልታ ላይም ሩዝቬልት ቸርችል በሌለበት ለስታሊን ያንኑ ነጻ ወደብ አነሳለት። ምክንያቱ ሌላ ነበር። ስታሊን የማንቹሪያውን የዳይረን ወደብ ፈልጎ ነበር፤ የሆንግ ኮንግ ነገር የተነሳው ለዚያ ማጣፈጫ ሆኖ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የአንድ ከተማ ዕጣ የሌላ ከተማ መደራደሪያ ሲሆን።

ቸርችል በበኩሉ አቋሙን ደብቆ አያውቅም። ኖቬምበር 10 ቀን 1942 ለንደን ላይ የንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆንኩት የእንግሊዝን ግዛት ለማፍረስ አይደለም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ቀኑን ከቾንግቺንጉ ድርድር ጋር አስተያዩት፤ ልክ በዚያው ሰሞን ነው። በኤፕሪል 1945 አሜሪካዊው አምባሳደር ፓትሪክ ሃርሊ ለንደን ሄዶ ሆንግ ኮንግን ሲያነሳበት፣ በሬሳዬ ላይ ካልሆነ በቀር አለው። በዚያው ወር 12 ላይ ሩዝቬልት ሞተ። በአፍ የተባለው ሁሉ አብሮት ተቀበረ።

ባለ ካርታው ጻፈ፦

ክሩን ወድጄዋለሁ። መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። ቺያንግ በዲሴምበር 1942 ለመፈረም ባይስማማ ምን ያገኝ ነበር? እስቲ በእሱ ቦታ ሆነህ አስብ። የበርማ መንገድ ተዘግቷል። የጦር መሣሪያና ነዳጅ የሚገባለት በሂማሊያ ላይ በሚያልፍ አውሮፕላን ነው። የሚልክለት አሜሪካ ነው። ልዩ መብቱን ማስተው ቻይናዎች ለመቶ ዓመት ሲጠይቁት የኖሩት ነገር ነው። ይህን በኪራይ መሬት ምክንያት ቢያጣው አገሩ ይቅር ይለው ነበር?

ሌላም አለ። ጃፓን በቁጥጥሯ ሥር ያቋቋመችው የዋንግ ጂንግዌይ መንግሥት ነበር። ጃንዋሪ 9 ቀን 1943 ጃፓን ለዚህ መንግሥት የውጭ ዜጎችን ሰፈሮች እመልሳለሁ አለች። ከቾንግቺንጉ ፊርማ ሁለት ቀን ቀድማ ማለት ነው። ቺያንግ እየጎተተ ቢቆይ ጠላት ቻይናን ነጻ አወጣሁ እያለ ይለፍፍበት ነበር።

ለእኔ ወሳኙ ዓመት 1944 ነው። በኤፕሪል ጃፓን ኢቺጎ የተባለውን ታላቅ ዘመቻ ጀመረች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የቺያንግ ጦር በሄናንና በሁናን ተደቆሰ። የአሜሪካ አውሮፕላኖች የሚነሱባቸው ጣቢያዎች ተያዙ። በኦክቶበር በቻይና የነበረው አሜሪካዊው ጄኔራል ስቲልዌል ከቺያንግ ጋር ተጣልቶ ወደ አገሩ ተጠራ። አሜሪካኖች ደግሞ በፓስፊክ ደሴቶች በኩል ወደ ጃፓን እየተጠጉ ስለነበር ቻይና የግድ አላስፈለገቻቸውም። ካይሮ ላይ ከአራቱ ታላላቅ መንግሥታት እንደ አንዱ የተቆጠረው ሰው፣ ከዓመት በኋላ ያልታ ላይ አልተጠራም። ስለ ማንቹሪያ የተስማሙት ሳይነግሩት ነው። ለማንቹሪያ ያልተጠየቀ ሰው ለሆንግ ኮንግ ማን ይሰማዋል?

የመጨረሻው ነጥቤ። አሜሪካኖቹና ቻይናዎቹ ጓንዡንና ሆንግ ኮንግን በምድር ጦር ለመያዝ ካርቦናዶ የሚባል ዕቅድ ነበራቸው። አሜሪካዊው ጄኔራል ዌደማየር ነው የሚመራው። ጦርነቱ ጥቂት ወራት ቢራዘም ቻይናዎች በእግራቸው ካውሉን ይገቡ ነበር። በኦገስት 1945 ግን ሁለቱ የአቶሚክ ቦምቦች ወደቁና ጃፓን እጅ ሰጠች። ታዲያ እንዴት ነው በ1942 ያለቀው?

ዓባይ ማዶ ጻፈ፦

@ባለ ካርታው ጦሩ ቅርብ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን ጃፓን እጅ ስትሰጥም እኮ የቺያንግ ጦር ከእንግሊዝ መርከቦች ይልቅ ለሆንግ ኮንግ ይቀርብ ነበር። መርከቦቹ የተነሱት ከፊሊፒንስ ሱቢክ ወሽመጥ ነው። ቢፈልግ ይቀድማቸው ነበር። አልፈለገም ወይም አልደፈረም።

ለምን? የኮሚኒስቶቹ መሪ የማኦ ጦር ስላለ ነው። ጃፓን ስትወድቅ የቺያንግ ዓይን ወደ ሰሜን ነው የዞረው። ማንቹሪያን፣ ቤይጂንግን፣ ሻንጋይን ማን ይይዛል የሚለው ነበር የሕይወትና የሞት ጥያቄው። በጓንዶንግ ራሱ በሆንግ ኮንግ ዙሪያ የሚንቀሳቀሰው የምሥራቅ ወንዝ ደፈጣ ጦር የኮሚኒስቶች ነበር። ከእንግሊዝ ጋር ቢጋጭ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጦሩን ወደ ሰሜን የሚያጓጉዝለት የአሜሪካ መርከብና አውሮፕላን ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር እንዲጣላ አትፈልግም።

ኦገስት 24 ያደረገውን ንግግር ያነበበ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ሆንግ ኮንግን ለመያዝ ጦር አልልክም፣ ጉዳዩ በዲፕሎማሲ ይፈታል አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ እዩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእሱ ወታደሮች በካውሉን አድርገው፣ በእንግሊዞች ፈቃድ መርከብ ተሳፍረው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ወደቡን ሊጠቀምበት ቻለ። የራሱ ሊያደርገው አልቻለም።

ስለዚህ ለእኔ ሆንግ ኮንግን ያሳጣው የእርስ በርስ ጦርነቱ ነው።

ጡረተኛው መምህር ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ እያነበብኩ ነበር። እኛን የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር።

ሩዝቬልት ያልታ ላይ ስለ ሆንግ ኮንግ ለስታሊን ያወራው ፌብሩዋሪ 8 ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 13፣ ግብጽ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ጃንሆይን ተቀብሏል። ጃንሆይም ያነሱት ይህንኑ ዓይነት ነገር ነው። ኦጋዴን፣ ኤርትራ፣ የባሕር በር፣ የጅቡቲው ባቡር። እንግሊዝ ያን ጊዜ ኤርትራን በወታደር ታስተዳድራለች፣ ኦጋዴንንም ይዛለች። የእኛም የቻይናም አቤቱታ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ሰው ፊት ቀርቧል ማለት ነው።

የማታ አንባቢ፣ "ለጊዜው ይሁን" ብሎ መፈረም ሁሉን ያሳጣል ባይ ነህ። እኛ ግን ጃንዋሪ 31 ቀን 1942 ብዙ የሚያንገበግብ ነገር ያለበትን ስምምነት ፈርመናል። ዲሴምበር 19 ቀን 1944 ደግሞ ኦጋዴንና "የተከለለው አካባቢ" የሚባለው የድንበር መሬት ለጊዜው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ ፈርመናል። ቢሆንም ኦጋዴን በ1948፣ ሐውድና የተከለለው አካባቢ በ1955 ተመልሰዋል። እንዲያውም መሃል ላይ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪን የሶማሌ ግዛቶችን ሁሉ በአንድ አስተዳደር የማድረግ ሐሳብ አምጥቶ ነበር፤ አልሆነለትም። እና ጉዳይን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ሁልጊዜ መሸነፍ ነው ትላለህ?

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ይህን ንጽጽር ከእርስዎ በማግኘቴ ክሩ ሌላ መልክ ያዘ።

የእኔ መልስ እዚያው 1944 ስምምነት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጽሑፉ ኢትዮጵያ መሬቱን ለጊዜው የምትተወው እንደ አጋር ለጦርነቱ ለማገዝ እንደሆነ፣ ሉዓላዊነቷም እንደማይነካ ይናገራል። ይህን የፈረመችው እንግሊዝም ናት። ከዚያ በኋላ ለንደን የፈለገውን ያህል ብታዘገይ፣ መሬቱ የኢትዮጵያ አይደለም ልትል አትችልም፤ ፊርማዋ አለበት። የቺያንግ ማስታወሻ ግን የቻይና ድምፅ ብቻ ነው። እንግሊዝ ደረሰኝ አለች እንጂ ተቀበልኩ አላለችም። ሁለቱም አስተላልፈዋል። አንዱ ሲያስተላልፍ የሌላውን ወገን ቃል በጽሑፍ ይዟል፣ ሌላው አልያዘም።

ስለዚህ @ባለ ካርታው፣ ቺያንግ ጨርሶ መፈረም አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። የጠላትን ፕሮፓጋንዳ፣ የአሜሪካንን ግፊት፣ የመቶ ዓመቱን ጥያቄ ሁሉ አይቻለሁ። ነገር ግን "ስለ ኪራዩ ከድል በኋላ በዚህ ጊዜ ውስጥ እንደራደራለን" የሚል አንድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ አስገባ ብሎ ሲሞርን መያዝ ይችል ነበር። እንግሊዝም ውሉን ትፈልገው ነበር፤ አሜሪካ ለብቻዋ ፈርማ እሷ ብትቀር መልኳ ይበላሻል። ለዚያ ነው ዲሴምበር 1942 ላይ የሙጥኝ የምለው።

ጓንዡ ተመላላሽ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ለንግድ ጓንዡ ስሄድ በሆንግ ኮንግ በኩል አልፋለሁ፤ ስለ ከተማዋ ያለኝ ፍቅር ለዚያ ነው። ወንድሞቼ፣ ስለ ቺያንግና ስለ ቸርችል ብቻ አወራችሁ። እዚያ ውስጥ ስለነበሩት ሰዎችስ?

ከጦርነቱ በፊት የሆንግ ኮንግ ሕዝብ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ 600,000 ገደማ ነው የቀረው። ጃፓኖች ሩዝ ሲያልቅባቸው ሕዝቡን ወደ ቻይና እያባረሩ፣ ብዙው በረሃብና በበሽታ እያለቀ። ካይሮ ላይ ነጻ ወደብ ሲባል ከእነዚህ ሰዎች አንድም የጠየቃቸው የለም።

የእንግሊዝን ወገን ካያችሁ ደግሞ ሁለት ሰዎች ልጥቀስ። አንዱ ዴቪድ ማክዱጋል ነው። በገና ዕለት 1941 ከተማዋ እጅ ስትሰጥ በፈጣን ጀልባ ካመለጡት ውስጥ ነበር። አብሮት ያመለጠው ቻይናዊው አድሚራል ቻን ቻክ አንድ እግር ብቻ ያለው ሰው ነው። የእንጨት እግሩን ጥሎ፣ እጁ በጥይት ተመትቶ፣ እየዋኘ ነው ያለፈው። ቻይናዊና እንግሊዛዊ ሕይወታቸውን በአንድ ላይ አተረፉ። ያው ማክዱጋል በኋላ ለንደን ላይ የሆንግ ኮንግን የወደፊት አስተዳደር የሚያዘጋጀውን ክፍል መራ። ከቻይና ጋር ሆኖ ያመለጠ ሰው፣ ቻይና እንዳትይዛት ዕቅድ አወጣ። በልቡ ምን ይሰማው ነበር እላለሁ።

ሁለተኛው ፍራንክሊን ጊምሰን ነው። የቅኝ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሆንግ ኮንግ የገባው ጃፓን ከማጥቃቷ አንድ ቀን በፊት ነው። ሥራ ሳይጀምር ማለት ይቻላል ስታንሊ ካምፕ ታሰረ፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ። በኦገስት 1945 ጃፓን መሸነፏን እንደሰማ ማንንም ሳይጠብቅ ለጃፓኖቹ አሁን አስተዳዳሪው እኔ ነኝ አላቸው። አብሮት የታሰረው ዋና ዳኛ ቃለ መሐላ አስፈጸመው። ከለንደን አስተዳደር አቋቁም የሚለው መልእክት በማካው በኩል በአንድ ቻይናዊ መልእክተኛ የደረሰው በ23 ነው፤ እሱ ግን ጀምሮ ነበር። በረሃብ የከሱ ሰዎች ናቸው ከካምፕ ወጥተው ቢሮ የከፈቱት። መርከቦቹ ሲደርሱ የእንግሊዝ አስተዳደር ቆሞ ጠበቃቸው።

እኔ ቅኝ ግዛትን ለመደገፍ አይደለም። ግን የማን ትሁን የሚለው በቾንግቺንግም በካይሮም ብቻ አልተወሰነም። ስታንሊ ላይም ተወስኗል።

የቄራ ልጅ ጻፈ፦

እህቴ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው የጨመርሽው፤ የአድሚራሉን ታሪክ ፈጽሞ አላውቀውም ነበር። @ባለ ካርታው፣ በመጨረሻ የጃፓኖችን እጅ የተቀበለው ማን ነው ታዲያ? ሁለቱም እኔ ነኝ ብለው አልነበር?

ባለ ካርታው ጻፈ፦

@የቄራ ልጅ የኦገስቱ ሩጫ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ባጭሩ ልሞክር።

የአጋሮቹ አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 1 በቻይና ውስጥ ያሉ የጃፓን ጦሮች ለቺያንግ እጅ ይስጡ ይላል። ማንቹሪያ ብቻ ነው የተለየው። ቻይናዎች ሆንግ ኮንግ ያለችው በእኛ የጦር ቀጣና ነው አሉ። አዲሱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ደግሞ ሆንግ ኮንግ የእንግሊዝ ግዛት ናት እንጂ ቻይና ውስጥ አይደለችም አለ። የእሱ ፓርቲ ሌበር ሥልጣን ሲይዝ ፖሊሲው ይለወጣል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል፤ አትሊም ቤቪንም በዚህ ከቸርችል አልተለዩም።

ትሩማን ኦገስት 18 ለእንግሊዝ ፈረደ። ሆንግ ኮንግ ከቺያንግ ቀጣና እንድትወጣ ለአጋሮቹ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ማክአርተር እንደሚነገር አሳወቀ። ይህ የሉዓላዊነትን ጉዳይ አይመለከትም፣ ወታደራዊ አሠራር ብቻ ነው ብሎም ለቺያንግ ነገረው። ቺያንግ ክብሩን የሚያድን መንገድ ፈለገ። እሺ፣ እንግሊዛዊው መኮንን ይቀበል፣ ግን እኔ ወክዬው ይሁን አለ። ለንደን ይህንንም እምቢ አለች። ከእሱ ውክልና ከተቀበለች መሬቱ የእሱ ነው ማለት ነዋ።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ መሃሉ ተገኘ። አድሚራል ሴሲል ሃርኮርት ኦገስት 30 ስዊፍትሹር በተባለችው መርከብ ወደቡ ገባ። ሴፕቴምበር 16 በገዢው ቤተ መንግሥት ፊርማው ሲደረግ ለእንግሊዝ መንግሥትም ለቺያንግም ሆኖ ተቀበለ። አንድ ሰው፣ ሁለት ውክልና። ቻይናዊና አሜሪካዊ መኮንኖችም ተገኝተዋል። በማግስቱ ግን ከተማዋን ያስተዳደረው የእንግሊዝ መንግሥት ብቻ ነው።

የማታ አንባቢ፣ አሁንም አልተስማማንም። ቺያንግ በ1942 የምትለውን አንቀጽ ቢያገኝ እንኳ፣ በ1946ና በ1947 ከማኦ ጋር እየተዋጋ ለድርድሩ የሚቀመጥበት ጊዜም ጉልበትም አልነበረውም። አንቀጹ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር።

ጓንዡ ተመላላሽ ጻፈች፦

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ቺያንግ ቢሳካለትስ? በ1949 ምን ይሆን ነበር?

ዓባይ ማዶ ጻፈ፦

@ጓንዡ ተመላላሽ ያማ ከሆነ የማኦ ጦር በኦክቶበር 1949 ጓንዡን ሲይዝ ቀጥሎ ሆንግ ኮንግ ይገባ ነበር። በእንግሊዝ እጅ ስለነበረች ግን ሸንዠን ወንዝ ላይ ቆመ። ቤይጂንግም ቢሆን መብቱን አልተወም፤ ለጊዜው ባለችበት መተዋትን መረጠ። ወደቧ ይጠቅመው ነበር። ከቻይና የሸሸው ሕዝብም ወደ ሆንግ ኮንግ ጎረፈ። የቺያንግ ሽንፈት ለእነዚያ ሰዎች መጠጊያ ሆነ።

ራስን በራስ ማስተዳደርን በተመለከተ ግን እንግሊዝም አልሰጠቻቸውም። ማርክ ያንግ ከእስር ተፈትቶ በ1946 ወደ ገዢነቱ ሲመለስ ሕዝቡ የሚመርጠው የከተማ ምክር ቤት እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተተኪው ግራንታም አልወደደውም። በ1952 ለንደን ዕቅዱን ተወችው። እህታችን ማንም አልጠየቃቸውም ያለችው ከጦርነቱ በኋላም ቀጠለ።

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

@ባለ ካርታው መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር ያልከውን አልፈራውም። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ወረቀት በ1982 ምን እንዳደረገ አይተናል እኮ። የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ቤይጂንግ የሄደችው ደሴቷና ካውሉን ለዘለዓለም የተሰጡን ናቸው ብላ ነው። ውሎቹም በእጇ አሉ። ግን የ1898 ኪራይ በ1997 ያልቃል፤ ያለ እሱ መሬት ደሴቷ አትኖርም። በ1984 የተፈረመው የጋራ መግለጫ ሁሉንም አንድ ላይ የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቺያንግ በዲሴምበር 1942 የጠየቀው ያው የኪራይ መሬት ነበር። ዋናውን ቁልፍ በትክክል አግኝቶት ነበር፤ ደሴቷን አልጠየቀም፣ ኪራዩን ነው የጠየቀው። ጥያቄው ትክክል ነበር። ያለ ዋስትና ፈረመ እንጂ።

መምህር፣ የ1944ቱን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ የሚያይ ለብቻው ክር ቢከፍቱልን? እኔም ከቾንግቺንጉ ውል ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አነብበዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር ጻፈ፦

እሺ ልጄ፣ እከፍታለሁ። ከ1942ቱ ነው የምጀምረው፤ ያለ እሱ የ1944ቱ አይገባም። ባለ ካርታውም እንዲመጣ ንገረው፤ የተከለለው አካባቢ ከጅቡቲው ባቡር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በካርታ ቢያሳየን ይጠቅመናል።